ለጥንቸል አደን የመጀመሪያ ጠመንጃ፦ ሲዚ 457ን ከነሩገርና ሳቬጅ ጋር አስተያይቼ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ለጥንቸል የመጀመሪያ ጠመንጃ የምትፈልጉ ከሆነ 22 ሎንግ ራይፍል የሚተኩስ፣ በእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የሚቀባበል ቦልት አክሽን ግዙ። ኪሳችሁ ከቻለ ሲዚ 457ን፣ ካልቻለ ሳቬጅ ማርክ 2 ወይ ሩገር አሜሪካን ሪምፋየርን፣ የተረፈውን ብር ደሞ ለጥይትና ለስኮፕ (ለማነጣጠሪያ መነጽሩ) አውሉት። ሁሉም ሰው የሚመክራችሁን ሩገር 10/22ን ለሁለተኛ ጠመንጃ አቆዩት። ለምን እንደዛ እንደምል ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ።

ያለሁት ኮሎራዶ ነው፣ ኦሮራ። ሃቫና መንገድ ላይ ክትፎና ቡና እንደልብ ነው፣ የጥንቸል ነገር ሲነሳ ግን ሐበሻው ፊቱን ያጨማድዳል፣ ኦርቶዶክሱ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ስለተከለከለ አይነካውም፣ ሙስሊሙ ጋ በአብዛኛው ይበላል፣ እኛ ጴንጤዎቹ ደሞ እንደየቤታችን ነው፣ እናቴ እስካሁን የማድነው ለጎረቤት ይመስላታል። ስለዚህ በአማርኛ የሚያማክር ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ፈረንጆቹን ስትጠይቋቸው ደሞ እያንዳንዱ አባቱ የሰጠውን ጠመንጃ ነው የሚያወድሰው።

መጀመሪያ ጥይቱ። 22 ሎንግ ራይፍል ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። ሪምፋየር የሚባለው የሚለኩሰው ቅመም ቀለሁ ቂጥ መሃል ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ጠርዙ ውስጥ ስለሚገባ ነው፣ መርፌው ጠርዙን ሲመታው ይተኩሳል። ቀለሁን መልሶ መሙላት አይቻልም፣ ግን ባንድ ዶላር 10 ጥይት ገደማ ስለሚገኝ ማንም አይጨነቅበትም። ትከሻ አይመታም፣ ጆሮ አያደነቁርም (የጆሮ መከላከያ ግን አድርጉ)፣ ሥጋውንም አይበጣጥስም። በ2002 የወጣው 17 ኤችኤምአር የሚባል አለ፣ 17 ግሬን (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ጥይት በሰከንድ 2550 ጫማ የሚወረውር፣ እሱ ሩቅ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ግን ጥይቱ ውድ ነው፣ ከጭንቅላት ዝቅ ብሎ ከመታ ደሞ የሚበላ ነገር ብዙም አይተርፍም። ለመማሪያ 22 ይሻላል፣ የምር ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ መተኮስ ነውና።

አሁን ዋናው ክርክር። ሩገር 10/22 ከ1964 ጀምሮ የሚሠራ ግማሽ አውቶማቲክ ነው፣ 10 ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና አለው፣ ቀላል ነው፣ መለዋወጫው በየሱቁ ሞልቷል፣ ሰው ቢወደው አይገርመኝም። ግን ለጀማሪ ጥንቸል አዳኝ የሚያስፈልገው የመጀመሪያዋ ጥይት ብቻ ናት። ጥንቸል ቁጥቋጦ ስር ኩምትር ብላ ቁጭ ስትል የምታነጣጥሩበት ጭንቅላቷ የሎሚ ያህል ነው፣ ከሳታችሁ ሁለተኛዋ ጥይት ሩጫ ላይ ናት፣ በሩጫ ላይ ያለ ጥንቸልን በ22 መተኮስ ደሞ ወይ መሳት ነው ወይ አቁስሎ መልቀቅ። ታዲያ ፈጥኖ የሚደግም ጠመንጃ ምን ያደርጋል? ጣትን ነው የሚያባልገው፣ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስቴ ጧ ጧ የሚያደርጉትን ሰምታችሁ ከሆነ ይገባችኋል።

ሌላው የደህንነት ነገር ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ከተኮሰ በኋላ ራሱን ጎርሶ ዝግጁ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ጀማሪ ሰው ደሞ ተኩሶ መታሁ አልመታሁ እያለ ጠመንጃውን ይዞ ይሮጣል። 10/22 በተለይ የመጨረሻዋ ጥይት ካለቀች በኋላ ቦልቱ ክፍት ሆኖ አይቆምም፣ ስለዚህ ባዶውንና የጎረሰውን ከውጭ አይታችሁ አትለዩትም። ቦልት አክሽን ላይ ግን እጃችሁን አንስታችሁ ካላቀባበላችሁ ምንም የለም፣ ቦልቱን ከፍታችሁ ስትሄዱ አብሯችሁ ያለውም ሰው ያየዋል። ፅዳቱም እንደዛው፣ የቦልት አክሽኑን ቦልት መዝዛችሁ ከኋላ ነው የምትወለውሉት፣ የተለመደው 10/22 ግን ከአፈሙዙ በኩል ነው የሚጸዳው፣ ካልተጠነቀቁ አፉን ይፍቀዋል።

የገዛሁት ሲዚ 457 አሜሪካን የሚባለውን ነው። ቼክ ሪፐብሊክ፣ ኡሄርስኪ ብሮድ ከተማ የሚሠራ፣ በ2019 የወጣ፣ የ452ና የ455 ተከታይ። ዋጋው እንደ ሱቁ ይለያያል፣ ወደ 500 ዶላር ገደማ አስቡ። ሰደፉ ዋልነት እንጨት ነው፣ ያለ ስኮፕ ከ6 ፓውንድ ትንሽ በለጥ ይላል፣ ካዝናው 5 ጥይት ይይዛል። የወደድኩለት ነገር ቃታው ነው። ክብደቱንም ጉዞውንም በብሎን ማስተካከል ይቻላል፣ አስተካክላችሁት ስትስቡ ሳትጠብቁት ንፁህ ሆኖ ይለቃል፣ እንደ ርካሽ ጠመንጃዎች አይጎተትም። ቦልቱ 60 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ስኮፑን ዝቅ አድርጋችሁ ብታስሩትም እጃችሁ አይጋጭም። በርሜሉም ይፈታል፣ ወደፊት 17 ኤችኤምአር ወይም 22 ማግነም (ከ22 ሎንግ ራይፍል ጠንከር ያለው) ካማራችሁ በርሜሉንና የሱን ካዝና ገዝታችሁ መቀየር ነው፣ እኔ አላማረኝም ግን ሐሳቡ ደስ ይላል።

ያልወደድኩት ደሞ አለ። በርሜሉ 25 ኢንች ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ገላጣ ሜዳ ላይ አሪፍ ነው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ግን በየቅርንጫፉ እየተጠላለፈ ያናድዳል። አሜሪካን የሚባለው ሞዴል ላይ በብረት የተሠራ ማነጣጠሪያ የለውም፣ ስኮፕ ካልገዛችሁ ከሱቅ ወስዳችሁ ግድግዳ ላይ ነው የምትሰቅሉት። ተጨማሪ ካዝናው ከሩገሩ ውድ ነው። ስኮፕ ማሰሪያውም 11 ሚሊሜትር ዳቭቴል የሚባለው ስለሆነ ማንኛውም ቀለበት አይገጥመውም፣ ስትገዙ ለሻጩ ንገሩት። ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ ወይ ከልጃችሁ ጋር የምትጋሩት ከሆነ ስካውት የሚባለውን አጭሩን 457 እዩት።

500 ዶላር በዛ ለምትሉ (እኔም ብዬ ነበር) ሳቬጅ ማርክ 2 በግማሽ ዋጋ ገደማ ይገኛል፣ ካናዳ ነው የሚሠራው፣ አኩትሪገር ያለበትን ከወሰዳችሁ ቃታውን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ከሲዚው ጋር ስታስተያዩት ቦልቱ ሻካራ ነው፣ ፕላስቲክ ሰደፉም ያን ያህል አያምርም፣ ጥንቸሏ ግን አታይላችሁም። ግራኝ ከሆናችሁ ደሞ ለግራ እጅ የተሠራ ማርክ 2 አለ። ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር የ10/22ን ካዝና ይወስዳል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ካዝናው በየትም አለ። ሄንሪ የሚባለውን በእጀታ የሚቀባበለውን ካውቦይ ካውቦይ የሚሸተውንም ይዤ አይቻለሁ፣ ያምራል፣ ለጀማሪ ግን ቱቦ ውስጥ ያሉትን ጥይቶች አውጥቶ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ካዝና ከመንቀል ይልቅ ጊዜ ይወስዳል።

ጥይት ላይ አትሰስቱ፣ ማለቴ ውዱን ግዙ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ሞክሩ። 22 ላይ ይሄ ነገር ይገርማል፣ አንዱ በርሜል የሚወደውን ጥይት ሌላኛው፣ ያው ሞዴል ሆኖ እንኳ፣ ይበትነዋል። አራት አምስት ዓይነት ባለ 50 ሳጥን ገዝታችሁ 50 ያርድ ላይ ወረቀት ተኩሱ፣ የትኛው እንደሚሰበሰብ እዩና እሱን በብዛት ግዙ፣ ከዛ በኋላ አትቀያይሩ። የኔው የሚወደው ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የሚባለውን ነው፣ በሰከንድ 1070 ጫማ፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነ ያ ጠጨቅ የሚለው ድምፅ የለውም፣ ጎን ያለችውም ጥንቸል ብዙ ጊዜ ቁጭ እንዳለች ነው። ስቲንገር የሚባለው 1640 ጫማ ይበራል፣ ሳጥኑ ላይ ስታነቡት ያጓጓል፣ ግን ፍጥነት ኢላማ አይመታም። የጅምላ ጥይት ውስጥ አልፎ አልፎ የማይተኩስ ይኖራል፣ ቅመሙ ጠርዙን እኩል ሳይዞረው ሲቀር። ቀጭ ብሎ ዝም ካለ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ከዛ ነው ቦልቱ የሚከፈተው።

ስኮፕ ላይ ለሪምፋየር የተሠራ ግዙ፣ ከ2 እስከ 7 የሚያቀርብ ይበቃል። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠሩት ስኮፖች ብዙዎቹ ፓራላክሳቸው 100 ያርድ ወይ ከዛ በላይ ላይ ነው የተስተካከለው፣ የሪምፋየሮቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ 50 ላይ ነው፣ ቅርብ ላይ ዓይናችሁ ትንሽ ቢንሸራተት የመስቀሉ ቦታ አይሸሽም። 50 ያርድ ላይ አስተካክሉት፣ 100 ላይ ጥይቱ 6 ኢንች ወይ ከዛ በላይ ይወርዳል፣ ስለዚህ በኔ እምነት ከ75 ያርድ በኋላ ጥንቸል ላይ አትተኩሱ፣ ቀርባችሁ መተኮስ ነው ጨዋታው።

ስለ መግዛቱ። አንዱ ትልቅ ሱቅ ስሙን አልጠራም፣ ልጁ ለጥንቸል ነው ብዬው ኤአር (የወታደር ጠመንጃ የሚመስለውን ግማሽ አውቶማቲክ) ካላሳየሁህ ብሎ ድርቅ አለ፣ ትቼው ወጣሁ። ትንሿ ሱቅ ያሉት ሽማግሌ ግን ጃኬትህን ለብሰህ ትከሻህ ላይ አድርገው አሉኝ፣ ልክ ናቸው፣ በዊንተር ወፍራም ጃኬት ላይ ሰደፉ ይረዝማል፣ በቲሸርት የለካችሁት አይሠራም። 4473 የሚባለውን ፎርም ትሞላላችሁ፣ ባክግራውንድ ቼክ አለ፣ ኮሎራዶ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ቢያንስ 3 ቀን ሳትጠብቁ አትወስዱም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይ በሥራ ቪዛ ያለ ግን በፌዴራል ሕግ በመደበኛው ክልክል ነው፣ የአደን ፈቃድ ያለው ከተፈቀደላቸው ውስጥ ስለሆነ እሱን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ከመግዛታችሁም በፊት የሚያውቅ ጠበቃ ጠይቁ። ፎርሙ ላይ የማሪዋና ጥያቄ አለ፣ እዚህ ስቴት ተፈቅዷል ብላችሁ እንዳትቀልዱ፣ ፌዴራሉ አልፈቀደም። ሌላ ሐበሻ ጋ የማየው ነገር ደሞ «ወረቀት የለኝም በስምህ ግዛልኝ» መባባል፣ እንደ ውለታ ያዩታል፣ ይሄ ግን እስር ቤት የሚያስገባ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ወንድማችሁም ቢሆን እምቢ በሉ።

ከ1949 መጀመሪያ ጀምሮ የተወለደ ሰው ኮሎራዶ ላይ የአደን ፈቃድ ለመግዛት የሐንተር ኤጁኬሽን ኮርስ ያስፈልገዋል፣ ኮርሱ ጥሩ ነው አትሰልቹ። ኮተንቴይል ጥንቸል ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፣ በቀን 10፣ ሕጉ ግን ሊቀየር ስለሚችል የዘመኑን ብሮሹር እዩ። ፖኒ ግራስላንድ የሚባለው የኮሎራዶ ሣር ሜዳ ለመማር አሪፍ ቦታ ነው፣ ግን የመንግሥቱና የግለሰቡ መሬት እንደ ዳማ ገበታ ነው የተደባለቀው፣ አጥር የለም ምልክት የለም ማለት የማንም አይደለም ማለት አይደለም፣ ኮሎራዶ ላይ ባለመሬቱ የማጠር ግዴታ የለበትም፣ ስልካችሁ ላይ የመሬት ወሰን የሚያሳይ አፕ ጫኑ። 22 ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቁ፣ ሳጥኑ ላይ እስከ 1 ማይል ተኩል አደገኛ ነው ይላል፣ በረዶ የያዘ መሬትና ድንጋይ ላይ ደሞ ትነጥራለች፣ ከጥንቸሏ ኋላ አፈር መኖሩን ሳታዩ አትሳቡ።

ቆዳዋን ስትገፍፉ ጓንት አድርጉ፣ ቱላሪሚያ የሚባል በሽታ አለ፣ ጉበቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ወይም ጥንቸሏ ስትቀርቧት ካልሸሸች ተዉት። ሥጋው ስብ የለውም፣ ጥብስ ካደረጋችሁት ይደርቃል፣ ቀይ ወጥ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበስል ግን ዶሮ ነው ብዬ ያበላሁት ሰው አለ (በኋላ ነግሬዋለሁ፣ ተቀይሟል)።

ያገለገለ ለምትፈልጉ፦ 452ን ወይ 455ን ካገኛችሁ ያው ጥሩ ብረት ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ የአፈሙዙን ጠርዝ በባትሪ አይታችሁ ካልተፋቀ ውሰዱት። ግን በነሱ ላይ ሴፍቲው ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደፊት ስትገፉት ይቆልፋል፣ ወደኋላ ስትስቡት ይለቃል፣ 457 ላይ ነው እንደሌሎቹ ጠመንጃዎች ወደፊት ሲገፋ እንዲለቅ የተቀየረው። ሁለቱን የምታፈራርቁ ከሆነ ገና ቤት ሳላችሁ ባዶውን ደጋግማችሁ ተለማመዱት።