ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለው ሙዚቃ ጫኝ

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ፍላሽና ሚሞሪ የሚጭኑ ቤቶች ሞልተዋል። እኔ የማወራው ስለ አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። ጠባብ ክፍል ናት። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቻርጀርና የስልክ ከቨር፣ በር ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ስፒከር። እስከዚህ ድረስ ከጎረቤቶቹ የሚለየው ነገር የለም። የሚለየው ልጁ ነው። ልጁ ይጠይቃል።

ሌላው ቤት ፍላሽ ስትሰጡት "ስንት ጊጋ ነው?" ይላችኋል። ከዚያ "ምርጥ ምርጥ" የሚል ፎልደር ገልብጦ ይሰጣችኋል፣ በቃ። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግማሹ ተደጋጋሚ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ዘፈኑ ሊያምር ሲል የዲጄ ስም የሚጮህበት ሚክስ። ይሄኛው ግን ለመኪና ነው ለቴሌቪዥን፣ ማን ነው የሚሰማው፣ የት አገር ሰው ነው፣ ሁሉን ይጠይቃል። ለእናቴ ነው ስለው "እትዬ ራዲዮ ይወዳሉ?" አለኝ። እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዩቲዩብም አይጠይቅም። ዩቲዩብ ትናንት ያየሁትን ዛሬም ነገም ያመጣልኛል፣ አንዴ ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ካየሁ ወሩን ሙሉ ሠርግ ነው።

ለእናቴ የጫነላት ፍቅር እስከ መቃብርን ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን። መጽሐፉ በ1958 የወጣ ነው፣ ሐዲስ ዓለማየሁም የእኛው አገር ሰው ናቸው፣ የጎዛምን። እናቴ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ናት፤ የበዛብህ አገር ማንኩሳ በተጠራ ቁጥር ትረካውን አስቁማ ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው፣ እዚያ ስላገቡ ዘመዶቻችን ታወራለች። አንዱን ክፍል ለመጨረስ ማታው አይበቃም። እኔ ደግሞ የገረመኝ ድምፁ ነው። ጉዱ ካሣ ሲናገርና ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ያሉ ነው የሚመስለው። አሁን ዩቲዩብ ላይ ትረካ የሚለቁ ልጆች ከሥር ፒያኖ ካላስገቡ ሰው የሚያለቅስላቸው አይመስላቸውም። እባካችሁ ፒያኖውን ተዉት፣ ማንበብ ብቻ ልመዱ።

ቅዳሜ ከሄዳችሁ ወረፋው ራሱ መዝናኛ ነው። ከገጠር የመጡ ሰዎች ባለ ባትሪ ስልካቸውን ከፍተው ሚሞሪውን ያወጣሉ። አብዛኛው የሚጠራው ሰማኸኝ በለውንና ይሁኔ በላይን ነው። አንድ ሽማግሌ "ቀረርቶ ያለበት ይሁን፣ ወሬ አታብዛበት" ሲሉት ልጁ "እሽ አባቴ" ብሎ አዲሶቹን ዘሎ አሮጌውን ፎልደር ከፈተላቸው። ልክ ነው ያደረገው። አዲሶቹ የባህል ክሊፖች እኮ ተለይተው አይታወቁም፤ ያው አንድ የማሽን ከበሮ፣ ያው አረንጓዴ ሜዳ፣ ያው ከላይ በድሮን የተቀረፀ እስክስታ፣ ማሲንቆ የያዘው ሰውዬ ቆሞ ይታያል እንጂ የማሲንቆው ድምፅ የለም። አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፣ ያንን አንድ ክር እንኳ ቦታ ነፈጉት።

ማሽን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። በ2010 የወጣውን የሮፍናንን ነጸብራቅ ያልሰማችሁ ካላችሁ አስጭኑት። ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ግን የአገሩን ዜማ አላፈነውም። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱና የእጅጋየሁ ሽባባውን የ2001 አልበም ስሙ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። ያን አልበም ያቀናበረው ቢል ላስዌል ሲሆን ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። ጃዝ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ቀና ብሎ ይቀመጣል። እኔን የሚገርመኝ ግን ይሄ ሁሉ ትልልቅ ሰው ተሰብስቦ ማንም አልሸፈናትም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓባይን ነው፣ ባለ ዋሽንቱን ግን ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። እናንተ አትለፉት፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ማታ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ልጁ ይሄን አልበም ሙሉውን፣ በቅደም ተከተሉ፣ ከነዘፈኖቹ ስም ነው ያስቀመጠው። ሌላ ቤት "ትራክ 01" ብሎ ነው የሚሰጣችሁ።

የቱርክ ድራማ ነገርም አለ። ቃና በ2008 ሲጀምር የአገራችን የፊልም ሰዎች ጮኸው ነበር፣ ትዝ ይላችኋል። እኔ ከእነሱም ጋር አልነበርኩም፣ አሁንም ትርጉም ድራማ የሚያይ ሰው ላይ አልስቅም፣ እህቴ ታያለች፣ ከኋላዋ ቆሜ እኔም አያለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ኢስታንቡል ያለው ሀብታምም፣ ድሃውም፣ አናቶሊያ ያለው ገበሬም አንድ ዓይነት የአዲስ አበባ አማርኛ ነው የሚናገረው። ሁሉም የቦሌ ልጅ ነው። ወደ አገር ውስጥ ድራማና ኮሜዲ ስትመጡ ደግሞ የጎጃም አነጋገር የሚሰማው ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ሲናገሩ ብቻ ነው፣ ያውም ለማሳቅ። ዶክተሩ እንደ ደብረ ማርቆስ ሰው ቢናገር ምን ይሆናል? ዋሸራ ቅኔ የተዘረፈበት አገር አነጋገር እንዴት ለዘበኛ ብቻ ይተርፋል? ይሄን ለልጁ ስነግረው ሳቀና "ታዲያ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ኮሜዲ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። የሚያስቀው እኛንም ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የድምፅ ጥራቱ ወጣ ገባ ነው፤ አንዳንዱ ዘፈን ስልክ ላይ ደህና ይሆንና መኪና ላይ ቆርቆሮ ይሆናል። ፊልሞቹ ውስጥ ሲኒማ ቤት በስልክ የተቀረፁ አሉ፣ የሰው ጭንቅላት ሲያልፍ ይታያል፣ እነሱን እንቢ በሉት። ሚሞሪም ከእሱ አትግዙ። ከሌላ መንገድ ላይም አትግዙ፤ 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ ብዙ አለ፣ ሲሞላ የመጀመሪያውን ያበላሸዋል። በአንጻሩ ልጁ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፦ የድሮ ቴሌቪዥኖችና የመኪና ቴፖች አብዛኞቹ ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ካልተደረገ አያነቡም፣ በዚያ ፎርማት ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይገባም። ስለዚህ ረጅሙን ፊልም ለሁለት ከፍሎ ይጭነዋል። ፍላሹን መልሰው ይዘው የሚመጡ ሰዎች እሱ ጋ ብዙ አላየሁም።

ስሙን ያልጠራሁበት ምክንያት የቅጅ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ አይቻልም፣ ይሄ ቤት ደግሞ ለዘፋኞቹ ሳንቲም አይከፍልም። አይደበቅም። ግን ነሐሴ 2015 ላይ የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ወር በወር ላይ ሲደራረብ እዚህ ከተማ ሙዚቃና ፊልም ከሰው ሳይለይ ያቆዩት እነዚህ ቤቶች ናቸው፣ ይሄም አይደበቅም። እኔ የማደርገው ዳታ ሲኖረኝ የወደድኩትን ዘፈን በዘፋኙ በራሱ ቻናል መክፈት ነው። ለእነሱ የሚደርሰው ጥቂት ቢሆንም ይድረስ። ለጂጂ አልበም ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛበት ካገኛችሁ ግዙ፣ ዋጋው አያስቆጭም።

ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል፣ ቅዳሜ ልጁ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፣ ካልጠየቀ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ነው። ማምሻውን ባጃጅ እንደ ልብ ስለማይገኝ በጊዜ ሂዱ። የራሳችሁን ፍላሽ ያዙ፣ ውስጡ ያለውን ፎቶ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ፎርማት ሲያደርገው አይጠይቃችሁም። ይሄን ብቻ አይጠይቅም።