በ16,000 ብር የገዛሁት ባዶ ካርቶን

ትናንት ማታ ነው ከአፍዴራ ደብረ ብርሃን የገባሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከዚያ ሱቅ ደጃፍ ተዋርጄ ተመለስኩ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ነገ ከነገ ወዲያ «ተወው፣ እግዚአብሔር ይየው» ማለቴ አይቀርም። እነሱም የሚኖሩት በዚህችው ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ከፊት መለዋወጫ፣ ከኋላ ጋራዥ፣ ከጎን ላቫጆ፣ ደጃፉ ላይ ዱካና የጀበና ቡና። ስትገቡ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ይባላል። ዋጋ ስትጠይቁ «እርስዎማ ቤተሰብ ነዎት» ይባላል። ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ጓሮ ሮጦ ካርቶን ይዞ ይመጣል።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ ህንድ ድረስ ሄደ፤ እዚያ አውሮፕላን አስቀረ። እኔ ደጅ አንዲት ብናኝ አላየሁም። ፍርሃቱ ግን እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ስትንቀጠቀጥ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ውጭ ያደረ ሰው፣ «እሳተ ገሞራ» የሚል ቃል ሲሰማ ኪሱን ለመክፈት ብዙ አይለመንም። ከሰማይ በወረደ ብርሃን ተሰየመች በምትባል ከተማ ከሰማይ ሊወርድ ነው የተባለ አመድ መሸጥ ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ከሌላው ይልቅ የሚያስፈራኝ ምክንያት ነበረኝ። በፒክአፕ መኪናዬ ነጭ ሽንኩርትና ምስር እዚያው አፋር ወዳለችው አፍዴራ አመላልሳለሁ፤ ደንበኞቼ ጨው ላይ የሚሠሩት ናቸው። መንገዱ አመድ ለብሷል የሚል ወሬ ከሹፌሮች ሰምቼ ነው ወደ ሱቁ የሄድኩት። ማለትም በእግሬ ሄጄ አንገቴን ሰጠኋቸው።

ሻጩ አፉ ማር ነው። «ጋሼ፣ እናቶቻችን ድስት በአመድ የሚፈትጉት ለምን ይመስልዎታል? ይህ ደግሞ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። ቀለም ይልጣል፣ ሞተር ይበላል» አለኝ። የሚያናድደው ይህ እውነት መሆኑ ነው። ከአፉ የወጣ እውነት ግን ይኸው ብቻ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በዚህ ላይ ተንተርሶ ሸጠልኝ፤ ናኖ የሚባል የቀለምና የመስታወት ሽፋን፣ አዲስ ኦሪጅናል የአየር ፊልትሮ፣ ከነሥራው። አመዱ መስታወቱ ላይ አይዝም፣ «መጥረጊያውን አንዴ ማዞር ነው፣ ውኃ እንኳ አይፈልግም» አለ።

ዋጋው በደረሰኝ 18,400፣ ያለ ደረሰኝ 16,000 ብር። ያለ ደረሰኝ አልኩ። 2,400 ብር አተረፍኩ ብዬ በልቤ ፈገግ ማለቴን ሳስታውስ አሁን ፊቴ ይቀላል።

«ኬሚካሉ ዓይን ያቃጥላል፣ እዚያ ራቅ ብለው ቡና ይጠጡ» አሉኝ። ጠጣሁ። ቶናው ሲቀዳ ኮፈኑ ጧ ብሎ ተዘጋ፤ ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ካርቶኑን በሁለት እጁ፣ እንደ ስጦታ፣ አቀበለኝ። «ይያዙት ጋሼ፣ ቁጥሩ ለሌላ ጊዜ ያስፈልግዎታል።» እኔም አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊልትሮዬን ራሴ የምቀይር ሰው ኮፈኑን ከፍቼ ለማየት አልተነሣሁም። ቡናው ጥሩ ነበር።

ከጣርማበር ዋሻ እስከ ባቲ፣ ከባቲ እስከ ሚሌ ምንም አልሆንኩም። ከሰርዶ አልፌ ወደ አፍዴራ ስጠጋ ግን ከፊቴ የሚሄደው የጨው መኪና የሚያስነሣው ነገር አቧራ አይመስልም፤ ሲሚንቶ ከጆንያ እንደሚራገፍ ነው። መስታወቱ ግራጫ ሆነ። እንደተባልኩት መጥረጊያውን በደረቁ አዞርኩት። ድምፁን ብትሰሙት! ድስት በአሸዋ ሲፈተግ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳዞርኩት መስታወቱ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ ጭረት ወጣ። አሁን ማታ ከፊት መኪና ሲመጣ ያ ጭረት በሙሉ ይበራል፤ መንገዱን ሳይሆን እሱን ነው የማየው። ሽፋን የተባለውም አፍዴራ ላይ ውኃ ሳፈስበት ነጭ አረፋ ሆኖ ወረደ። ጎማ የሚያብረቀርቁበት ቅባት ይሁን የልብስ ሳሙና፣ እነሱ ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ይቅር ልል እችል ነበር። ይቅር የማልለው ስመለስ ሰርዶ አቅራቢያ የገጠመኝን ነው።

መኪናው ባዶውን ነው፤ ግን ትንሿን ዳገት መሳብ አቃተው። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ጥቁር ጭስ። ዳር አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የፊልትሮውን ቤት ማያያዣዎች አላቀቅኩ፣ አወጣሁት። እጥፋቶቹ በአመድ ተደፍነዋል፤ እሱስ ይሁን፣ አመድ ውስጥ ነው የዋልኩት። አመዱን ለማራገፍ ገለበጥኩት። የላስቲኩ ጠርዝ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየሁ። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። «ሰኔ 3» ይላል።

የእጅ ጽሑፌ ነው። ፊልትሮ በቀየርኩ ቁጥር ቀኑን ጠርዙ ላይ የምጽፍ እኔ ነኝ፤ «ሰ»ን አንዱን እግሯን የማስረዝመው እኔ ነኝ። ስድስት ወር የሠራውን የራሴን አሮጌ ፊልትሮ በኮምፕሬሰር አየር ነፍተው መልሰው ከተውልኛል። በዚያ ሐሩር መንገድ ዳር ቆሜ አንዴ በእጄ ያለውን፣ አንዴ በመስኮቱ በኩል ወንበሩ ላይ ያለውን ካርቶን አየሁ። አብሮኝ አፍዴራ ደርሶ መመለሱ ነው። ከፈትኩት። ውስጡ የሽያጭ መግለጫ ወረቀት እንኳ የለም።

ፊልትሮውን ጎማ ላይ እያራገፍኩ፣ እየቆምኩ እየሄድኩ ሎግያ ደረስኩና አዲስ ገዛሁ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ መካኒክ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ጠብታዋን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና የእኔን ጣት ጠርቶ አስነካኝ። ደቃቅ አሸዋ ነው። በአየር የተነፋ ፊልትሮ ወረቀቱ ይሳሳል፣ ይበሳል፤ አመዱ በዚያ ነው የገባው። ዘይቱን ከነፊልትሮው አስቀየርኩ። ሞተሩ ምን ያህል እንደተበላ በጊዜው ይታያል አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ፊልትሮውንም ካርቶኑንም ይዤ ሄድኩ። ያች ገንዘብ የተቀበለችኝ ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። «ደረሰኝ?» አለች። የለኝም። «እንግዲያ ከዚህ አልተገዛም።» ካርቶኑን አሳየኋት፤ «ካርቶን ማንም ያነሣል» አለች። ሻጩን አስጠራሁት። ባለፈው «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ሰው ከሩቅ አይቶኝ «ምን ፈለግክ?» አለ። አንተ አለኝ! ጽሑፉን አሳየሁት፤ አንዴ አየት አድርጎ ለዚያ ኮፈን ለዘጋው ልጅ «ሰውየው ራሱ ጽፎ መጥቶ ነው» አለው። ልጁ ሳቀ። ዱካው ላይ የተቀመጡትም ሳቁ። አንድ ጎልማሳ፣ ቡናውን በእጁ እንደያዘ፣ መኪናው ከኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ እየጠበቀ ነበር። ልነግረው ወደ እሱ ዞር ስል ሻጩ መሐላችን ገብቶ «ጋሼ፣ አይረበሹ» አለው፤ ለእሱ።

የሕግ ሰው የሆነ ወዳጄ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መብትህን ይጠብቅልሃል አለኝ፤ ቀጥሎ ግን የጠየቀኝ እንደ ልጅቷ ደረሰኝ ነው። እኔ ደረሰኜን በ2,400 ብር ሸጬዋለሁ።

ወደ አፋር የምትወርዱ፣ ፊልትሮውን ከካርቶን ሲወጣ እዩት፣ በእጃችሁ አስገቡት፣ አሮጌውን ተቀበሉ፣ ቀን ጻፉበት። አመድ ሲያርፍባችሁ በጨርቅም በመጥረጊያም አትንኩት፤ መጀመሪያ ብዙ ውኃ አፍስሱበት። አመዱን የሚያስቀር ቅባት ማንም ቢያሳያችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ሂዱ።

ካርቶኑን ልቀደው ስል ባለቤቴ ከእጄ ቀማችኝ። «አሥራ ስድስት ሺህ ብር የወጣበት ዕቃ አይቀደድም» ብላ ሽንኩርት አስቀምጣበታለች።