«ሁሉም ቅብ ነው» የሚላችሁን ገዢ አትመኑ

ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፤ ቃሌ ቢሻክር ይቅርታ።

የተወረሰ የብር ወይም የብር ቅብ (ላዩ ብቻ በብር የተለበጠ) ማንኪያ፣ ሹካ፣ ትሪ ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛችሁ ወደ አሮጌ ዕቃ ገዢ ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን አንብቡና ሂዱ። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ማጉያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከዕቃው በፊት ፊታችሁን ነው የሚያየው። «ከየት አመጣችሁት?» ይላል። «ወርሰን ነው» ስትሉት ፊቱ ይፈካል። የወረሰ ሰው ዕቃው ስንት እንደተገዛ አያውቅማ!

እኔን የሸወደኝ እውነት እየተናገረ ነው። ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ የሚሉትን ፊደላት አሳየኝ። በኤሌክትሪክ ብር የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር ማለት ነው። ሲልቨር ይባል እንጂ ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ልክ ነው። ትሪውም እንደዚያው፤ ይሄም ልክ ነው። ፊደላቱ እያንዳንዳቸው በትንንሽ ጋሻ ውስጥ ስለተመቱ ከሩቅ ሲታዩ የንጹሕ ብር ማኅተም ይመስላሉ። ይህንንም ራሱ ነው ያስረዳኝ። መምህር ሆነልኝ!

ከዚያ የሻይ ማንኪያዎቹ ጋ ደረሰ። ስድስት ናቸው። ጀርባቸው ላይ አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመድ አንበሳ አለ፣ መልህቅ አለ፣ አንድ ፊደል ለብቻዋ አለች፣ የሠሪው ስም መነሻ ፊደላትም አሉ። የመጀመሪያዋን አንስቶ በመነጽሩ አየ። ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እሷ ላይ ቆየ። ሌሎቹን አልገለበጣቸውም። በመዳፉ ጠርጎ ከቅቦቹ ክምር ጋር ቀላቀላቸውና «ያው ነው» አለኝ።

«አንበሳውስ?» አልኩት።

ወደ ረዳቱ ዞሮ ሳቀ። «እህቴ፣ ጋሻ የመታ ፋብሪካ አንበሳ መምታት ያቅተዋል? አሁን አሳየሁሽ አይደል እንዴ?» ረዳቱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ፦ «የሁሉም ሰው አያት እኮ ንግሥት ናት» አለ። ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ ተስቆብሽ ቆመሽ መከራከር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ፈረምኩ፣ ገንዘቡን ተቀበልኩ፣ ወጣሁ።

ዕቃው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ረስቼ ስመለስ ማንቆርቆሪያውና ትሪው መሬት ላይ ካርቶን ውስጥ ተጥለዋል። ስድስቱ ማንኪያዎች ግን ለብቻቸው ትንሿ ሚዛን ላይ ተደርድረዋል። ያ የቀለደብኝ ረዳት አጎንብሶ ካርድ ላይ «ስተርሊንግ» ብሎ ይጽፋል።

አንበሳው የእንግሊዝ የስተርሊንግ ምልክት ነው፤ 92.5 በመቶ ብር። መልህቁ የብር ጥራት የሚመረምረው የበርሚንግሃም ቢሮ ምልክት ነው። ፊደሏ ዕቃው የተመረመረበትን ዓመት ትናገራለች። በዚህ ሥራ የሚኖር ሰው ይህን አያውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ።

«ማንኪያዎቼን መልሱልኝ» አልኩ። ጨርቁን ወረወረልኝና ደረሰኙን በጣቱ እየመታ፦ «ምን ይላል? ልዩ ልዩ በብር የተለበጡ ዕቃዎች። ፊርማው የማን ነው?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ይባስ ብሎ እኔ እዚያው ቆሜ ለሌላ ደንበኛ ሹካ ይሸጥ ጀመር። «90 የሚለውን ታያለህ? ዘጠና በመቶ ብር ነው!» ውሸት! በጀርመን ቅብ ሹካና ማንኪያ ላይ 90 የሚመታው ለአንድ ደርዘን ሹካና ለአንድ ደርዘን ማንኪያ በድምሩ 90 ግራም ብር ስለዋለ ነው። አንዷ ሹካ ላይ አራት ግራም እንኳ አይደርስም። አጠገቡ «1847 ሮጀርስ ብራዘርስ» የሚል ማኅተም ያለበት ትሪ አለ፤ ካርዱ «በ1847 የተሠራ» ይላል። ቁጥሩ ግን የንግድ ምልክቱ አካል ነው። በዚያ ስም በሃያኛው ክፍለ ዘመንም ብዙ ዕቃ ተመርቷል። ሲገዛ ብሩን ቅብ ያደርገዋል፣ ሲሸጥ ቅቡን ብር ያደርገዋል። እንዲህ ነው የሚበለጽገው።

ለማንኛውም፣ ከመሄዳችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ጀርባ ፎቶ አንሱ። ያን አንበሳ፣ ወይም 925፣ ወይም 800 (ከሺህ እጅ ስንቱ ብር እንደሆነ የሚናገሩ ቁጥሮች ናቸው) ያለበትን ለይታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ከቅቡ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አታቅርቡለት። ደረሰኙ ላይ ዕቃው አንድ በአንድ ከነምልክቱ ካልተጻፈ አትፈርሙ።

የእኔዎቹ እጀታቸው ጫፍ ላይ የአያቴ ስም መነሻ ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸዋል። ፎቶው አለኝ። መልህቅና አንበሳ ያለባቸው ስድስት የሻይ ማንኪያዎች ለሽያጭ ቀርበው ያየ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።