«ተኛበት» ላሉኝ ጋሼ

ጎንደር ውስጥ ዋና የሚያስተምር ሰው ለምትፈልጉ፣ አንድ ጋሼ ልጠቁማችሁ። በዚያው ላመስግናቸው።

ድሮ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ምጽዋ ነው ያገለገሉት። አሁን ቅዳሜና እሁድ በአንድ ሆቴል መዋኛ ያስተምራሉ። እኔ የሄድኩት እስራኤል፣ ባሕር ዳር ባለችው አሽዶድ ከተማ ያለች እህቴን ልጠይቅ ስዘጋጅ ነው። ብዙ ውሃ የማውቀው ጥምቀት ሲደርስ ፋሲል መዋኛ ላይ ነው፤ እሱንም ዳር ቆሜ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በጀርባ ከመንሳፈፍ ሌላ ምንም አላሳዩኝም። «ጋሼ፣ የከፈልኩት ለመዋኘት ነው እኮ» ብላቸው፣ «ውሃን ታግሎ የጣለ የለም ልጄ። ተኛበት» አሉኝ። ከዚያ ባሕሩን በወረቀት ስለው አስረዱኝ። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። ጠባብ መውጫ ካገኘ እንደ ወንዝ ወደ ጥልቁ ይፈሳል። የገባበትን ሰው ይዞት ይሄዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትተውም። ሰው የሚሰምጠው ፊት ለፊት ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገል፣ ደክሞት ነው። ተንሳፈፍ፣ እጅህን አንሳ። ጉልበት ካለህ ዳርቻውን ተከትለህ ወደ ጎን ዋኝ፤ ከመስመሩ ስትወጣ ወደ ዳር ትመለሳለህ።

አሽዶድ የደረስን ቀን ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። እዚያ ነጭ ከሆነ ይዋኛል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል። እህቴ ነግራኛለች። እኔ ግን ከጠባቂዎቹ ራቅ ብዬ፣ ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ቦታ አገኘሁና ገባሁ። ለካ መውጫው እሱ ኖሯል! ጋሼ ይህንንም ነግረውኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነው እንጂ።

እግሬ መሬት አጣ። ዞር ስል የእህቴ ጃንጥላ አንሳለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ዳር ቀዘፍኩ፤ ወይ ፍንክች። ያኔ «ተኛበት» የሚለው ድምፅ መጣልኝ። ተኛሁበት። ትንፋሼ ሲመለስ ቀስ እያልኩ ወደ ጎን ዋኘሁ፣ ከገባሁበት መቶ ሜትር ያህል ርቄ ወጣሁ። ጠባቂው በድምፅ ማጉያ በዕብራይስጥ ይጮሃል። አንዲት የኛ አገር እናት ደግሞ በአማርኛ፣ «አንተ! ቀይ ባንዲራ አይታይህም?» እያሉ ወረዱብኝ። የትኛው እንደባሰ እንጃ።

ጋሼ ይቆጣሉ፤ ያረፈደ ያን ቀን ውሃ አይነካም። ከልጆች ጋር ግን ትዕግሥታቸው ሌላ ነው። ክፍያውም አይከብድም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ስመለስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎሽ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ባንዲራው ምን ቀለም ነበር?» አሉኝ።