የሌክ ሌኒየር አሳ አጥማጆች፣ እኚህን ሰው ሳታናግሩ ስዊም ጂግ አትግዙ

ሰላም የአትላንታና የአካባቢዋ ልጆች! ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሌክ ሌኒየር (እዚህ ጆርጂያ ያለው ሐይቅ) አጠገብ ባለች ትንሽ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውንና የሱቋን አድራሻ እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሰጣለሁ። ባስ የሚባለውን አሳ ማጥመድ ለምትወዱ ሁሉ፣ እመኑኝ፣ እኚህ ሰው ወርቅ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ስዊም ጂግ (ከባድ ጭንቅላትና የሲሊኮን ዘርፍ ያለው፣ ውሃ ውስጥ እየተጎተተ የሚያጠምድ መንጠቆ) የሚሰጠው ምክር አብዛኛው «የውሃ ሣር ውስጥ ጣለው» የሚል ነው። ሌኒየር ላይ ደግሞ ሣር የለም ማለት ይቻላል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በቡፎርድ ግድብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ያለው ቀይ አፈር፣ ድንጋይ፣ የወደቀ ግንድና ዳር ዳሩን የተሠሩ የጀልባ ዶኮች (ጀልባ የሚታሰርባቸው መድረኮች) ናቸው። ወደ ግድቡ ሲጠጉ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ታዲያ ስዊም ጂግ እዚህ ምን ይሠራል? ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሣር ከሌለ አሳው የሚደበቅበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያለችውን ጥላ አይለቅም» አሉኝ። ሣር በሞላበት ውሃ አሳው የትም ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን አንድ ግንድ፣ አንድ የዶክ ምሰሶ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ካገኘህ ፍለጋህ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ጂጉን ከምሰሶው አሳልፈህ ትጥላለህ፣ ቀስ ብለህ እየጠቀለልክ ታመጣዋለህ፣ ሆን ብለህም ምሰሶውን እንዲነካ ታደርጋለህ። ነክቶ ወደ ጎን ፈንጠር ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚመታው ያኔ ነው።

ከዚያ ጂጉን ከእጄ ተቀበሉና ትንሽ መቀስ አወጡ። ከመንጠቆው ፊት ያለችውን የናይለን ብሩሽ ለሁለት ከፍለው ግማሿን ቆረጧት። ብሩሿ ሣር እንዳይዘው የምትከላከል ናት፤ ሣር በሌለበት ስትበዛ መንጠቆው አፉን በደንብ እንዳይይዝ ታደርጋለች። ለግንዱ የቀረችው ትበቃለች። የሲሊኮኑንም ዘርፍ ከመንጠቆው ጥቂት እስኪያልፍ ድረስ ከረከሙት። ከኋላ ጭራዋ የምትወዛወዝ ነጭ የላስቲክ አሳ ሰኩበት፤ ምክንያቱም የሌኒየር ባስ አንዱ ዋና ምግቡ ብሉባክ ሄሪንግ የሚባለው ቀጭን ብርማ አሳ ነው። ላስቲኳ ትንሽ ጠመም ብላ ከተሰካች ጂጉ በጎኑ ይተኛል። ይህንንም በቃል ብቻ አልተዉትም፤ ትንንሽ አሳዎች የሚያስቀምጡበት ገንዳ ውስጥ እየጎተቱ አሳዩኝ፣ መጀመሪያ ጠማማውን፣ ቀጥሎ የተስተካከለውን። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ወፍራም ብሬድ (የተገመደ) የማጥመጃ ክር ልገዛ ይዤ ነበር፣ ወስደው መደርደሪያው ላይ መለሱት። «ይሄ ለሣር ነው፤ እዚህ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ሪልህ (የክር መጠቅለያህ) ላይ ያለው 15 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር) ይበቃሃል» አሉኝ። ሊሸጡልኝ የሚችሉትን ዕቃ እምቢ ብለው የመለሱ ሰው ናቸው። ጂጉም 3/8 አውንስ አንድ ብቻ ይብቃህ አሉኝ።

ሐይቁ ላይ ስሞክረው እንዳሉትም ሆነ። ጥላ ውስጥ ካሉት ዶኮች ሥር ስፖትድ ባሱ (አንዱ የባስ ዓይነት) እየወጣ ይመታ ጀመር። ሲነካህ ወዲያው አትንጠቅ፣ ክብደቱ እስኪሰማህ ጠቅልልና ዘንጉን ወደ ጎን ሳብ ብለውኝ ስለነበር እጄን ያዝ አደረግኩ፣ ያዘልኝም። በነገራችን ላይ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር ብልጭልጭ ብረት ያለው ማጥመጃ) ጥሩ ቢሆንም በጠራና በረጋ ውሃ ብልጭታው አሳውን ሊያስበረግገው ይችላል፤ ስዊም ጂግ ድምፁም ብልጭታውም ትንሽ ስለሆነ ለእንደዚህ ያለው ቀን ይመረጣል። ዝናብ ዘንቦ ገባሮቹ ቀይ ሲሆኑ ግን ነጩን ትታችሁ ጠቆር ያለ ወይም ቻርትሩዝ (ቢጫማ አረንጓዴ) ያለበት ቀለም ያዙ፣ ቀስ ብላችሁም ጠቅልሉ። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ ሄሪንጉ ጥልቀት ወደሌላቸው የድንጋይና የአሸዋ ጫፎች እንቁላል ሊጥል ይመጣል፤ ያኔ በማለዳ ፈጠን አድርጎ መጠቅለል ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ባለጀልባው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ከዳር ነው ወይስ ከጀልባ የምታጠምዱት፣ የትኛው የሐይቁ ክፍል ላይ፣ ውሃው ጠርቶ ነው ወይስ ደፍርሶ፣ ይህን ንገሯቸው፤ ምክሩ በዚያ ይለያያል። ጀልባ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ሐይቁ ዙሪያ ከዳር የሚጠመድባቸው ፓርኮች ብዙ ናቸው። ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የጆርጂያ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፤ ኦንላይን ይገዛል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ለልጅ ያላቸው ትዕግሥት ልዩ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ!