«አሜሪካን ስናይፐር»፦ ጀግናው ከበሩ ከወጣ በኋላ

ክሊንት ኢስትውድ ያዘጋጀውን «አሜሪካን ስናይፐር» የተሰኘ የጦርነት ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በጥር 2015፣ ፊልሙ በመላው አሜሪካ በተሠራጨ ሰሞን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድም ባዶ ወንበር ባልነበረው ሲኒማ ቤት ነበር። ሁለተኛው በቅርቡ፣ ቤቴ ተቀምጬ፣ በወርሃዊ ክፍያ ፊልም በሚያሳይ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ያኔ ፊልሙን ከክርክሩ ነጥሎ ማየት አይቻልም ነበር፤ አሁን አቧራው ስለሰከነ ሥራውን በራሱ መመዘን ይቻላል።

ታሪኩ የቴክሳሱ ተወላጅ የክሪስ ካይል ነው። ካይል በአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ኮማንዶ ውስጥ አነጣጥሮ ተኳሽ ሆኖ አራት ጊዜ ኢራቅ የዘመተ ሲሆን፣ ፔንታገን ያረጋገጠለት ግዳይ 160 ነው። በ2012 ግለ ታሪኩን አሳተመ፤ በዓመቱ፣ የካቲት 2 ቀን 2013፣ ካይል ሊረዳው ብሎ ወደ ተኩስ መለማመጃ የወሰደው የቀድሞ ወታደር ካይልንም አብሮት የነበረውን ጓደኛውንም ተኩሶ ገደላቸው። ብራድሊ ኩፐር ካይልን ሆኖ ሲተውን አካሉን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንና ዝምታውን ጭምር ለውጧል፤ በዚህ ረገድ ነቀፋ የለኝም። ፊልሙ ለስድስት የኦስካር ዘርፎች ታጭቶ ያሸነፈው በድምፅ ቅንብር ብቻ ነው፤ ገቢው ግን በዓለም ዙሪያ ከ540 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

የመጀመሪያው ትዕይንት ለክርክሩ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ካይል ጣሪያ ላይ በደረቱ ተኝቶ በጠመንጃው መነጽር መንገዱን ይቃኛል፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ልጇን አስከትላ ከቤት ትወጣና ከልብሷ ሥር የእጅ ቦምብ አውጥታ ለልጁ ትሰጠዋለች። ጣቱ ቃታው ላይ ያርፋል፤ ተኩሱ ሲሰማ ግን ያለነው ኢራቅ ሳይሆን ቴክሳስ ጫካ ውስጥ ነው፤ የወደቀውም አጋዘን፣ ተኳሹም ከአባቱ ጋር አደን የወጣ ሕፃን ነው። ልጁ በደስታ ጠመንጃውን መሬት ላይ ጥሎ ሲሮጥ አባቱ ይቆጣዋል፤ ጠመንጃ አፈር ላይ አይጣልም። ወደ ጣሪያው የምንመለሰው ብዙ ቆይተን፣ ካይልን እንደ ቤተሰብ ካወቅነው በኋላ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ሲወድቅ የምናዝነው ለወደቀው ሳይሆን ለተኮሰው ይሆናል። በፊልም ጥበብ በኩል ይህ የአንድ አንጋፋ ሥራ ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ብቃቱ ነው።

ካይል በመጽሐፉ ሴቲቱን እንደገደለ ጻፈ እንጂ ልጅ እንደገደለ አልጻፈም። ልጁን የጨመረው ፊልሙ ነው፤ ጀግናው ከባድ ውሳኔ እንዲወስን ስለተፈለገ። በተቃራኒው መጽሐፉ ላይ ያለው ካይል በመግደሉ የማይጸጸት፣ እንዲያውም ከዚያም በላይ በገደልኩ ብሎ የሚመኝ ሰው ሲሆን፣ በፊልሙ ግን ለሐኪም የሚናዘዘው ሊያድናቸው ያልቻላቸው ጓዶቹ ብቻ እንደሚያስጨንቁት ነው። ሙስጠፋ የተባለው የሶርያ አነጣጥሮ ተኳሽም በመጽሐፉ በጥቂት መስመሮች ታልፏል፤ ካይል ገጥሞት አያውቅም። ፊልሙ ግን ሁለቱን የዕድሜ ልክ ባላንጣ አድርጎ በመጨረሻ ከሁለት ሺህ ያርድ ርቀት በተተኮሰ ጥይት ያገናኛቸዋል። ተመልካች ከዕውነተኛ ሰው ሕይወት የተወሰደ ነው ተብሎ ለሚቀርብለት ሥራ ገንዘቡን ሲከፍል፣ ይህን ያህል መቆራረጥና መቀጠል መኖሩን ማወቅ አለበት።

ፊልሙ በወጣ ሰሞን የተነሳው ጭቅጭቅ ግን በአብዛኛው «ካይል ጀግና ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። የዘጋቢ ፊልሞች ዳይሬክተሩ ማይክል ሙር አጎቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአነጣጥሮ ተኳሽ መገደሉን አንስቶ፣ አድፍጦ የሚተኩስ ጀግና እንደማይባል ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ የወረደበት የስድብ ናዳ ብዙ ነበር። የቴክሳስ ገዥ ደግሞ የካቲት 2 የክሪስ ካይል ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አወጀ። የአሜሪካ አረቦች ፀረ አድልዎ ኮሚቴ ከፊልሙ ወዲህ በአረቦችና በሙስሊሞች ላይ ዛቻ መብዛቱን ገልጾ ኢስትውድና ኩፐር አንድ ነገር እንዲሉ በደብዳቤ ጠየቀ። በሚያዝያም የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ተቃውሞ ፊልሙን ሰርዞ በምትኩ ስለ ድብ የሚተርከውን «ፓዲንግተን» ለማሳየት ከወሰነ በኋላ፣ ሌላ ቁጣ ሲነሳበት ውሳኔውን ወዲያው ቀለበሰ። ኢስትውድ ራሱ ጦርነት በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን ማሳየት ከሁሉ የበለጠ ፀረ ጦርነት ነው ሲል ተከራክሯል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሽለላና በፉከራችን «ገዳይ» ማዕረግ እንጂ ስድብ አልነበረም፤ ግዳይ የጣለ ይቆጠርለታል፣ ይዘፈንለታል። ስለዚህ 160 የሚለው ቁጥር አደባባይ ላይ ሲወጣ እኔ እንደ አንዳንድ አሜሪካውያን አልደነገጥኩም። ነገር ግን እኛ ዘንድ ፉከራው ብቻውን አይቆምም፤ ፎካሪው ሲበቃው አልቃሿ ትነሳለች፣ የሟችን ስምና የእናቱን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። በዚህ ፊልም ሙሾው ለአንድ ወገን ብቻ ነው። ከኢራቃውያኑ ውስጥ ስም ያለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ሙስጠፋም ሚስትና ሕፃን እንዳለው በጨረፍታ ቢታይም ሲናገር አንሰማውም። ይህ ጉድለት የሚጀምረው ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ነው። ካይል ለመዝመት የሚወስነው በ1998 በናይሮቢና በዳሬሰላም የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ የደረሰውን ፍንዳታ በቴሌቪዥን አይቶ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች አሜሪካውያኑ 12 ብቻ እንደነበሩ፣ የቀሩት ከሞላ ጎደል ጎረቤቶቻችን እንደሆኑ ግን ከፊልሙ መገመት አይቻልም። የመስከረም 11 ሕንፃዎች ከወደቁ በኋላም ታሪኩ በቀጥታ ኢራቅ ይገባል፤ ኢራቅ በዚያ ጥቃት እጇ እንዳልነበረበት የሚናገር ሰው የለም።

ፊልሙ ከፍ የሚለው ካይል ቤቱ ሲገባ ነው። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የጦርነት ድምፅ ይሰማል፤ ካሜራው ሲዞር ግን ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሲየና ሚለር የምትጫወታት ሚስቱ እርጉዝ ሆና በስልክ ስታወራው ተኩስ ይከፈትና ስልኩ ከእጁ ይወድቃል፤ እሷ መንገድ ላይ ቆማ የምትሰማውን እኛም እንሰማለን። ኦስካሩ የተገባ መሆኑን ለማመን እነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ይበቃሉ። (ኩፐር ታቅፎ በአውራ ጣቱ እጇን የሚያንቀሳቅሳት የአሻንጉሊት ሕፃን ግን ሲኒማ ቤቱን በሙሉ አስቃለች፤ ይህን ያህል ገንዘብ ባፈሰሱ ሰዎች ዘንድ እንዴት እንዳለፈች አይገባኝም።)

ዋናው ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ካይል ከቤት ሲወጣ ሚስቱ በሩን እየዘጋች ውጭ የሚጠብቀውን ወጣት በጥርጣሬ ታየዋለች፤ ከዚያ ማያው ይጠቁርና በዚያው ቀን ካይል ሊረዳው ይሞክር በነበረ የቀድሞ ወታደር እጅ እንደተገደለ በጽሑፍ ይነገረናል። ኢስትውድ ጦርነት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለማሳየት ፈልጎ ከነበረ ታሪኩ ያለው እዚያው በር ላይ ነው፤ ከአንድ ሠራዊት የወጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሐውልት የሚቆምለት፣ ሌላው ስሙ እንኳ በፊልሙ የማይጠራ። ገዳዩ ፍርድ ቤት የቀረበው ፊልሙ ገና በየሲኒማ ቤቱ እየታየ ሳለ ነበር፤ የአእምሮ ሕመም መከላከያው ተቀባይነት ሳያገኝ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በላይ ስለሚወስድና ሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ስላለበት ልጆች በተኙበት ሰዓት፣ በጥሩ ድምፅ ማጉያ ቢታይ ይሻላል። ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ከዕውነተኛው ቀብር ምስሎች በኋላ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ያለ ሙዚቃ፣ በፍጹም ጸጥታ ያልፋል፤ በ2015 አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው እስኪያልቅ ቆመው ነበር። ቤቴ ሆኜ ሳየው ግን አገልግሎቱ ያንን ጸጥታ አሥር ሰከንድ እንኳ አልታገሠውም፤ ስም ዝርዝሩን ጥግ ላይ አሳንሶ የሌላ ጦርነት ፊልም ማስታወቂያ በፍንዳታ ጀመረልኝ።