ከጎርጎራ ገዝቼ ያመጣኋት ጎታች መሰል ጀልባ

በጥር ወር ከጎርጎራ ገዝቼ ወደ ባሕር ዳር ያመጣኋት ባለ 8 ሜትር የብረት ጀልባ፣ እንግዶችን ወደ ዘጌ ከሚያመላልሱት ክፍት የፋይበር ጀልባዎች ጋር በምንም አትመሳሰልም። አፍንጫዋ ከፍ ያለና ወፍራም፣ ኋላዋ ክብ ሲሆን፣ የነጂው ክፍል እንደ ጥበቃ ማማ ወደ ፊት ተጠግቶ ቆሟል። አሰብ ወይም ምጽዋ ወደብ ላይ ትልልቅ መርከቦችን የሚጎትቱትን ጀልባዎች ያየ ሰው መልኳን ወዲያው ይለየዋል። ይህን ቅርጽ ለመዝናኛ ጀልባ ማዋል በተለይ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ የተለመደ ነው፤ ኖርዲክ ታግ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያዋን ባለ 26 ጫማ ጀልባ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲያትል ላይ አቅርቧል። የእኔዋ ግን እዚሁ ጣና ዳር የተበየደች ናት። ሻጩ እንደ ነገረኝ በያጁ የሠራት ፎቶግራፍ አይቶ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ይህ ያስታውቃል።

ያገለገለ የብረት ጀልባ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ከውሃው በታች ያለውን ስለሆነ፣ ወደ ዳር ወጥታ ካላየኋት ቀብድ አልከፍልም ብዬ ነበር። ደላላው «ቀለሟ እኮ ገና ትኩስ ነው» እያለ ሊያግባባኝ ሲሞክር፣ እኔን ያጠራጠረኝ ያው ትኩሱ ቀለም ነበር። ሁለት ቀን ከተደከመ በኋላ በግንድ ላይ እየተንከባለለች ወጣች። ላሜራውን ከአፍንጫዋ ጀምሬ በትንሽ መዶሻ በየስንዝሩ ስመታው ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጠኝ፣ ከሞተሩ ሥር ያለው ስፍራ ግን የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ቀለሙን በካቻቪቴ ስፍቀው ከሥሩ ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲነሣ ደግሞ ካቻቪቴው ያለ ምንም ትግል ወደ ውስጥ ገባ። ቀዳዳው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቢሆንም በዙሪያው ያለው ላሜራ እንደ ቆርቆሮ ሳስቶ ነበር። ዝገቱ የመጣው ከሐይቁ በኩል አይደለም፤ ከሞተሩ ሥር የተጠራቀመው ውሃና ቆሻሻ ሳይቀዳ በመክረሙ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በልቶታል። በውሃ ላይ የኖረ ብረት መዛጉ ስለማይቀር ሻጩን በዚህ አልወቅሰውም፤ በስቱኮ ሸፍኖ ሊሸጥልኝ ማሰቡን ግን እስካሁን አልረሳሁለትም። በዋጋው ላይ አንድ አሥረኛ ተቀንሶልኝ የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ወጣና በ4 ሚሊ ሜትር አዲስ ላሜራ ተተካ። በያጁ በላዩ ላይ ለጥፌበት ልለፍ ቢለኝም፣ በሁለት ላሜራ መካከል የገባ ውሃ መውጫ ስለማያገኝ ዝገቱን ከማፍጠን በቀር ስለማይጠቅም አልተቀበልኩትም።

ሞተሯ ከትራክተር የወጣ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍታ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ 50 የፈረስ ጉልበት አለው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ይህ ለፈጣን ጀልባ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ለዚች ግን ብዙም አያሳስብም። ውሃውን እየገፋች የምትሄድ ጀልባ በመሆኗ ፍጥነቷን የሚወስነው ከጉልበቱ ይልቅ ርዝመቷ ነውና፣ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ ነዳጅ ቢጨመርላትም ኋላዋ ይሰምጣል፣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች እንጂ አትፈጥንም። በ10 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ግን በሰዓት ከ6 ሊትር የማይበልጥ ናፍታ ይበቃታል። የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አይቼ ደንግጬ ነበር፤ ሞተሪስቱ እንዳስረዳኝ፣ ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ መግባቱ በዙሪያው የተጠቀጠቀውን ቅባታም ገመድ ስለሚያቀዘቅዘው ተገቢ ነው፤ ጭራሽ መድረቁ ነው የሚያሰጋው።

ከጎርጎራ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ጣና ጠዋት ዝም ቢልም ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሣበት የማያውቅ የጀልባ ሰው የለም። እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ሰባት ሰዓት ይበቃናል ብለን አስበን ነበር። ከዳር ገና ሳንርቅ ግን ሞተሩ ማጓራት ጀመረ፣ ሙቀቱም ወጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ መታየቱ የተዘገበው የእምቦጭ አረም ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሥሩ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ ደፍኖት ነበር። በደንገል ታንኳ በአጠገባችን ያልፍ የነበረ ወጣት ዓሣ አጥማጅ «ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉትማ፤ እንዲህ እያሉ ካስነሡት የባሰ ነው የሚጠመጠመው» ብሎ ታንኳውን አስጠጋ፤ ማጭዱን በጥርሱ ይዞ ወረደና በእጁ እየዳሰሰ ቆረጠልን። የወጣው ክምር አንድ ሸክም ሣር ያህላል፤ በዚህ አርባ ደቂቃ አለፈ። የውሃ ማጣሪያው ክዳን ያለ መፍቻ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ጊዜው በግማሽ ባጠረ ነበር፤ ባሕር ዳር እንደገባሁ መጀመሪያ ያስቀየርኩትም እሱን ነው።

የዳጋ እስጢፋኖስንና የደቅን ደሴቶች በስተ ቀኝ ትተን ወደ ዘጌ ስንቃረብ ነፋሱ ተነሣ። የጀልባዋን ጠባይ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሞገዱን ፊት ለፊት ስትቀበለው ወፍራሙ አፍንጫዋ ውሃውን ወደ ጎን እየወረወረ ትሄዳለች፤ መስታወቱ ላይ ጠብታ እንኳ እምብዛም አይደርስም። ከጎን ሲመጣ ግን፣ ከፍ ያለው የነጂ ክፍል ነፋሱን እንደ ሸራ ስለሚይዘው፣ ትወዛወዛለች። አብሮኝ የነበረው ታናሽ ወንድሜ እስከ ክብራን ደሴት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ወደ ሞገዱ አዙረን በጠማማ መንገድ በመምጣታችን የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ተመላልሼባታለሁ። ውስጧ ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋና ቡና የሚፈላበት ጥግ ስላለ ደቅ ላይ አድሮ ለሚመለስ ቤተሰብ እንደ እርሷ የሚመች አላየሁም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንግዳ አመላልሶ ገቢ ለማግኘት የሚያስብ ግን የፋይበሩን ጀልባ ቢገዛ ይሻለዋል፤ እርሷ ቀርፋፋ ናት። ሌላው ችግር ከውሃው በታች አንድ ሜትር ያህል መጥለቋ ነው፤ ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ ሲጎድል ብዙ ቦታ ወደ ዳር ስለማትጠጋ መልሕቅ ጥሎ በታንኳ መግባት ግድ ይሆናል። የላሜራውንና የማጣሪያውን ወጪ ደምሬም ቢሆን በከፈልኩት ዋጋ አልጸጸትም። በሚያዝያ ሙቀት ግን የነጂው ክፍል እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከስድስቱ መስኮቶች አንዱም አይከፈትምና። በያጁ ባየው ፎቶግራፍ ላይ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር መሰለኝ።